ጤፍ ሲገዙ ጆንያ ይፈትሻሉ፤ ትምህርት ቤት ሲመርጡስ?

የእህል ነጋዴ በጆንያ አፍ አይታለልም። ከላይ የተደፋውን ነጭ ጤፍ ብቻ አይቶ ዋጋ የሚቆርጥ ነጋዴ ቢኖር አንድ ክረምት አይሻገርም። ነጋዴው እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ ከመሃል ይዘግናል፤ መዳፉ ላይ አሻሽቶ እፍ ይላል፤ አሸዋውንና ገለባውን ይለያል። ከተጠራጠረም ጆንያውን አስገልብጦ ያያል። ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ኩንታል ጤፍ ነው። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ልጁን ሊያስመዘግብ ሲሄድ ግን የአጥሩን ቀለም፣ የደንብ ልብሱን ስፌትና በሩ ላይ የተጻፈውን የፈረንጅ ስም አይቶ ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጥቶ ይመለሳል።

የገበያ ገጽ ስለ ትምህርት ቤት ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። አገባው። የትምህርት ቤት ክፍያ ዛሬ በከተማ ነጋዴ ቤት ከአስቤዛና ከቤት ኪራይ ጋር የሚሰለፍ ቋሚ ወጪ ሆኗል። ልጁን 1ኛ ክፍል ያስገባ ወላጅ ሳያውቀው የ8 ዓመት ውል ፈርሟል ማለት ነው። ውሉ ደግሞ እንደሌላው ውል አይደለም። ጎማ የገዛ ሰው ጎማው በወሩ ቢፈነዳ ሻጩን ያውቀዋል፤ ሲሚንቶ የገዛ ሰው ሲሚንቶው ድንጋይ ሆኖ ቢያገኘው በማግሥቱ ይሟገታል። የትምህርት ጉድለት ግን ገሃድ የሚወጣው ልጁ 5ኛ ወይም 6ኛ ክፍል ደርሶ አንድ አንቀጽ አንብቦ መረዳት ሲያቅተው ነው። ያን ጊዜ ገንዘቡ እንኳ ቢመለስ ልጁን ወደ 7 ዓመቱ የሚመልሰው የለም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ሲመረጥ የሚመረጠው ቤቱ ሳይሆን መምህሩ ነው። መምህሩ ደግሞ የሚመዘነው ልጆቹ አማርኛ አንብበው በመረዳታቸው ነው። የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ምርጫው የጠበበበት ገበያ

ነገሩን ከአዲስ አበባ አውጥተን ወደ አንድ የወረዳ ከተማ እንውሰደው። ግንደወይን ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ ወደ ሞጣና ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያለች፣ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መቀመጫ ናት። አገሩ የጤፍ አገር ነው። የምሥራቅ ጎጃምን ጤፍ የአዲስ አበባው እህል በረንዳ ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ እህሉን ተከትለው መጥተው አዲስ አበባ ሱቅ የከፈቱ፣ ዛሬም ለታናሽ ወንድምና ለእህት ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ወደ አገር ቤት የሚልኩ ነጋዴዎችም ጥቂት አይደሉም።

ለምን ግንደወይንን መረጥን? አዲስ አበባ ያለ ወላጅ አንዱ ትምህርት ቤት ቢከፋበት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ሌላ ይፈልጋል። በወረዳ ከተማ ግን ምርጫው በጣት የሚቆጠር ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ። ከመዋዕለ ሕፃናት ተነስቶ እስከ 4ኛ ወይም እስከ 6ኛ ክፍል የሚያስተምር ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ከተከፈተ እሱ ይጨመራል። ሦስተኛው መንገድ ልጁን ዘመድ ዘንድ ወደ ቢቸና፣ ወደ ሞጣ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ባሕር ዳር መላክ ነው። ገበያው ጠባብ ሲሆን የተሳሳተ ሰው ኪሳራው ሰፊ ነው፤ የሚዞርበት ሌላ በር የለውምና።

በዚህ ላይ የጊዜው ችግር ተጨምሯል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችንም ከትምህርት ገበታ አርቋል። ምሥራቅ ጎጃምም ከዚህ ያመለጠ አካባቢ አይደለም። ስለዚህ የወረዳ ከተማ ወላጅ ጥያቄ "የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላል?" ብቻ አይደለም። "መንገድ ሲዘጋም መምህሩ የማይጠፋው የትኛው ነው?" የሚለውም አብሮ ይመጣል።

ከላይ የታየው ጉድለት ከሥር የጀመረ ነው

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ውጤት ያልሰማ የለም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። በ2015ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ብዙ ወላጅ ይህን ሰምቶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፍለጋ ተሯሯጠ። ሩጫው ግን ጎርፉ ቤት ከገባ በኋላ ቦይ እንደመቆፈር ነው።

በ2002 ዓ.ም. በበርካታ የአገራችን ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛው ያህል ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ልብ በሉ፤ በ2002 ዓ.ም. 2ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ሳይደግም ከዘለቀ 12ኛ ክፍል የሚደርሰው ከእነዚሁ የውድቀት ዓመታት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። የዓለም ባንክም በኢትዮጵያ በ10 ዓመታቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት የማይችሉ ልጆች 90 በመቶ ያህል እንደሆኑ አስልቷል። ማንበብ ያልቻለ ልጅ ሒሳቡንም አይሠራም፤ የሒሳቡ ጥያቄ የሚቀርበው በጽሑፍ ነውና። እንግሊዝኛውንም አይዝም። ስለዚህ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያለው ጊዜ መሠረት የሚጣልበት ነው። ትንሿ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የምትሸጠው ዕቃም አንድ ብቻ ነው፤ ንባብ።

"የግል" ማለት ምስክር አይደለም

በደርግ ዘመን የግል ትምህርት ቤቶች ወደ ሕዝብ ይዞታ ሲዛወሩ ይህ ገበያ ተዘግቶ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በሩን ለግል ባለሀብት ከፈተ። ከዚያ በኋላ የግል ትምህርት ቤት በመጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ደራ፤ ቀጥሎ ወደ ክልልና ወደ ዞን ከተሞች ወረደ፤ አሁን ደግሞ ወደ ወረዳ ከተሞች እየደረሰ ነው። ከፋቹ አንዳንዴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ አንዳንዴ የመንግሥት ሥራውን ለቆ ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ ያዋጣ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ቤት ሠርቶ ተከራይ ያጣ ባለሀብት ነው። ሦስቱም ፈቃድ ይዘው ይሠራሉ፤ ሦስቱ የሚሰጡት ዕቃ ግን አንድ አይደለም።

የግል ትምህርት ቤት ልጆች የተሻለ ውጤት ሲያመጡ ምስጋናው ሁሉ ለትምህርት ቤቱ መሆን የለበትም። ከፍሎ የሚያስተምር ወላጅ ቤት ውስጥ መብራት አለ፣ ደብተር አለ፣ "የቤት ሥራህን ሠራህ?" የሚል ታላቅ ወንድም አለ። ያንኑ ልጅ ጎበዝ መምህርት ያለችበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ቢያስገቡት ምናልባት እኩል ይሄዳል። ስለዚህ ማንኛውም ወላጅ የግሉን ከግሉ ጋር ብቻ ሳይሆን ከመንግሥቱም ጋር ማስተያየት አለበት። ገንዘብ ስለተከፈለበት ብቻ የተሻለ ነው ማለት ዋጋ አይቶ ጥራት መገመት ነው። ይህን የሚያደርግ ገዥ ደግሞ ለደላላ ሲሳይ እንደሆነ የገበያ ሰው ያውቃል።

የኔታን ፍለጋ

የመምህር መረጣ ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ግንደወይን ያለችበት አካባቢ የታወቁ የቅኔና የመጻሕፍት ጉባኤዎች የነበሩበት ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ሩቅ አይደለም፤ ደብረ ወርቅ ደግሞ ጎረቤት ናት። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ የቤተ ክህነቱን ትምህርት የተከታተሉት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ነው። አንድ ልጅ ሦስት ቦታ ለምን ዞረ? የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቦ አገር ለአገር የሚዞረው መምህር ፍለጋ ነው እንጂ ቤት ፍለጋ አይደለም። የየኔታ ጎጆ ሣር ክዳን መሆኑ ተማሪ አላሸሸም፤ የደብሩ ማማርም ደካማ መምህር ዘንድ ተማሪ አላቆየም። የኔታ ሌላ ደብር ሲሄዱ ተማሪው ተከትሎ ይሄዳል፤ ቦታው ባዶ ይቀራል።

ከዚያ ትምህርት ሌላም የምንወስደው ብልሃት አለ። ልጅ መጀመሪያ "ሀ ሁ"ን በተራው ይማራል። 33ቱ ፊደላት በ7 ድምፅ ተባዝተው 231 ናቸው። ልጁ ግን ብዙ ጊዜ በጆሮው ይይዘዋል፤ ዜማውን ይወርደዋል እንጂ ፊደሉን አያየውም። የኔታም ይህን ስለሚያውቁ በተራው አይበቃቸውም፤ ተራው ወደተለወጠው ወደ "አቡጊዳ" ያሻግሩታል። በቃሉ ሲያነበንብ የነበረው ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል፤ ፊደሉን በእርግጥ የለየው ደግሞ ያልፋል። ፊደሉ አንድ ነው፤ ተራውን መለወጥ ብቻ እውቀቱን ከሽምደዳው ለየው። ወላጅ ትምህርት ቤት ሲመርጥ የሚያስፈልገው ፈተና ይኸው የአቡጊዳ ፈተና ነው።

እጅን እስከ ክርን መስደድ

ፈተናው በተግባር እንዲህ ነው። ጊዜው የምዝገባ ሰሞን መሆን የለበትም። በነሐሴና በጳጉሜን ትምህርት ቤት ሁሉ ቆንጆ ነው፤ ቀለም ተቀብቷል፣ ልጅ የለበትም፣ ርእሰ መምህሩም ፈገግተኛ ነው። መሄድ የሚገባው በመጋቢት ወይም በሚያዝያ፣ ሥራ በሚበዛበት ቀን፣ ረፋድ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ንባቡን ይፈትኑ። ርእሰ መምህሩን አስፈቅደው አንድ የ2ኛ ወይም የ3ኛ ክፍል ልጅ እንዲያነብልዎ ይጠይቁ። የሚያነበው የክፍሉን መጽሐፍ መሆን የለበትም፤ እሱን በቃሉ ይዞት ይሆናል። ከኪስዎ ያመጡትን፣ ልጁ አይቶት የማያውቀውን አጭር የአማርኛ ጽሑፍ ይስጡት። አንብቦ ሲጨርስ "ምን ይላል?" ብለው ይጠይቁት። በራሱ አነጋገር ከነገረዎ ትምህርት ቤቱ ሥራውን እየሠራ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚያቀርብልዎ ጎበዙን መርጦ ስለሆነ ሁለተኛውን ልጅ እርስዎ ይምረጡ፤ ከኋላ ወንበር ቢሆን ይመረጣል። ጆንያውን ከመሃል መዝገን ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ የመምህሩን ዕድሜ ሳይሆን የቆይታውን ዘመን ይጠይቁ። "አምና 1ኛ ክፍልን ያስተማረው ማን ነው? ካቻምናስ? አሁን የት ነው?" ሦስቱም ዓመት አንድ ሰው ከሆነ ደስ ይበልዎት። ሦስት የተለያየ ስም ከተጠራና ሦስቱም ከሄዱ ግን ልጅዎ የአራተኛው መለማመጃ ነው። ትንሽ የግል ትምህርት ቤት መምህሩን የመንግሥት ቅጥር እስኪያገኝ ድረስ የሚያስጠልል ማረፊያ ከሆነ፣ ገና ፊደል የሚቆጥሩት ልጆች በየጊዜው ከዜሮ ይጀምራሉ። መምህሩ የከተማው ነዋሪ መሆኑም ይጠየቅ። መንገድ ሲዘጋ የሚመጣው እዚያው ያደረው ነው።

ሦስተኛ፣ ደብተር ይግለጡ። የመስከረሙ ገጽ ሁልጊዜ ያማረ ነው። ወደ ኅዳርና ወደ የካቲት ይሂዱ። ቀን ተጽፏል? መምህሩ በቀይ ያረመው ስህተቱን አሳይቶ ነው ወይስ ገጹን ሁሉ በአንድ ትልቅ ምልክት ሸፍኖ ነው? የተሳሳተው ልጅ መልሶ ጽፎታል? የትምህርት ቤት እውነተኛ ሒሳብ መዝገብ የልጆች ደብተር ነው።

አራተኛ፣ ክፍሉን ይቁጠሩ። መንግሥት ለመጀመሪያ ደረጃ በመለኪያነት የያዘው በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። ትንሽ ትምህርት ቤት ልጅዎን ከ30 ባነሱ ልጆች መካከል ካላስቀመጠ "ትንሽ" መሆኑ ለእርስዎ ምን ጠቀመ? ይሁን እንጂ ቁጥሩ ማነሱ ብቻ አያስደስትዎ። 9 ልጆች ብቻ ያሉበት ክፍል የመዘጋት ምልክትም ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፣ ወረቀቱን ይመልከቱ። ፈቃዱ እስከ ስንተኛ ክፍል ነው? ታድሷል? ከተፈቀደለት ክፍል በላይ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ልጅዎን 8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ላይ ሲደርስ የማስረጃ ጣጣ ውስጥ ሊከተው ይችላል። የኢንስፔክሽን ደረጃውንም ይጠይቁ። ትምህርት ቤቶች በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ተመዝነው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ። "አልደረሰንም" የሚል መልስ ከሰጡዎት ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጎራ ማለት ነው። ውኃና የልጆች መጸዳጃ ቤቱንም በዚያው ይዩ፤ የሴት ልጅ ወላጅ ይህን ሳያይ አይመለስ።

ሒሳቡን እንደ ነጋዴ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ወላጅ ሁሉ "ክፍያው ስንት ነው?" ይላል። ነጋዴ ግን "ክፍያው የት ይሄዳል?" ብሎ መጠየቅ አለበት። ቀላል መለኪያ አለ፤ የአንድ መምህር ደመወዝ የስንት ልጅ ክፍያ ነው? ለምሳሌ ክፍሉ ውስጥ 30 ልጆች አሉ እንበል። የመምህሩ የወር ደመወዝ የ7 ልጆች ክፍያ ከሆነ የቀሩት 23 ልጆች ክፍያ ወዴት ሄደ? ኪራይ አለ፣ ጥበቃ አለ፣ ግብር አለ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ አለ፤ ባለቤቱም ማትረፍ አለበት፤ ትርፍ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን መምህሩ ከሚሰበሰበው ሩቡን እንኳ የማያገኝበት ቤት መምህር አያቆይም። ደመወዙ የ14 ወይም የ15 ልጆች ክፍያ ከሆነ ግን እርስዎ ከሚከፍሉት ግማሽ ያህሉ በቀጥታ ለማስተማር ይውላል ማለት ነው። ይህን ርእሰ መምህሩን ካልጠየቁ መምህሩን ይጠይቁ፤ በወረዳ ከተማ ደመወዝ ምስጢር አይደለም።

ሌላ የማይጠየቅ ጥያቄ የክረምቱ ነው። ትምህርት ቤቱ ከወላጅ የሚሰበስበው 10 ወር ነው። መምህሩ ግን የሚበላው 12 ወር ነው። ክረምቱን የማይከፍል ትምህርት ቤት በየሰኔው መምህሩን እያሰናበተ በየመስከረሙ አዲስ ይቀጥራል። የመምህራን ፍልሰት ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚገኘው።

መዝጋት ሲመጣስ? በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ በወላጅና በግል ትምህርት ቤቶች መካከል የተነሳው የክፍያ ንትርክ አይረሳም። ጥፋቱ በሽታው አልነበረም፤ ውሉ ለእንዲህ ያለ ቀን ምንም አለማለቱ ነው። ስለዚህ አስቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ። ትምህርት ቢቋረጥ ክፍያው ምን ይሆናል? መምህሩስ ምን ያህል ይከፈለዋል? እዚህ ላይ ወላጅም ብልህ መሆን አለበት። በተዘጋው ወር ምንም አልከፍልም ያለ ወላጅ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት መምህሩን አያገኘውም። ከፊሉን ከፍሎ መምህሩን ማቆየት ከአዲስ መምህር ጋር ከመጀመር ይረክሳል።

በግጭቱ ጊዜ ከትምህርት የራቁ ልጆች ወላጆች ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ። "ልጄን ስንተኛ ክፍል ታስገቡታላችሁ?" በዕድሜው ብቻ ወይም በአሮጌ ካርዱ ብቻ የሚመድብ ትምህርት ቤት ገንዘብ ተቀብሎ ልጁን ወንበር ላይ ማስቀመጡ ነው። አስነብቦ፣ አጽፎ፣ የቱ ጋ እንደቆመ አይቶ የሚመድብ ትምህርት ቤት ካገኙ ሌላውን ጉድለት ይቻሉለት።

የፈረንጅ ስም ዋጋ

በአማራ ክልል የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ በአብዛኛው አማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። ብዙ የግል ትምህርት ቤት ግን ገበያ የሚጠራው በእንግሊዝኛ ነው። ወላጅም ልጁ ቤት መጥቶ የቀለማትና የእንስሳት ስም በእንግሊዝኛ ሲወርድለት ገንዘቡ ዋጋ አገኘ ብሎ ይደሰታል። ይህ የ"ሀ ሁ" ዜማ ነው፤ አቡጊዳው ገና አልመጣም። በአማርኛ አንብቦ የማይረዳ ልጅ በእንግሊዝኛ አንብቦ ሊረዳ አይችልም። እንግሊዝኛ ይቅር አላልንም፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም በእሱ ነውና ያስፈልጋል። ነገር ግን እንግሊዝኛ አስተማሪው ራሱ አንድ ገጽ አንብቦ ማስረዳት ካልቻለ፣ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ለበሩ ጽሑፍ የሚከፈል የቀለም ዋጋ ነው።

ልጅን ስለ መላክ

አንዳንድ የሞላለት ወላጅ "እዚህ ምን አለ?" ብሎ የ7 ዓመት ልጁን ዘመድ ቤት ይልካል። ግጭት ያስገደደው ወላጅ ላይ ማንም ሊፈርድ አይችልም። ነገር ግን ምርጫ ላለው ወላጅ ይህ ውድ ንግድ ነው። የትምህርት ቤቱ ክፍያ አለ፤ የአክስት ቤት ወጪ አለ፤ የመንገዱ ሥጋት አለ። ከሁሉ በላይ ግን ማታ ማታ አጠገቡ ተቀምጦ "አንብብልኝ" የሚለውን ሰው ልጁ ያጣል። አክስት ብትወደውም የራሷ ልጆች አሉባት። ለትንሽ ልጅ ግማሹ ትምህርት ቤት ቤቱ ነው። ስለዚህ እስከ 6ኛ ክፍል ድረስ ልጅን አጠገብ አድርጎ፣ ለሩቅ ትምህርት ቤት ሊወጣ የነበረውን ገንዘብ ከፊሉን በአገሩ ላለ ጎበዝ መምህር ማዋል ይሻላል እንላለን። መላክ ከተፈለገም ማንበብ የቻለ ልጅ የትም ቢሄድ ይቋቋማል።

መረጃ ገበያውን ያስተካክላል

ለባለሀብቱም አንድ ቃል አለን። አዲስ አበባ ተቀምጠው በአገር ቤት ትምህርት ቤት ለመክፈት የሚያስቡ፣ መጀመሪያ ባለ ፎቅ ሕንፃ አይሥሩ። ከመዋዕለ ሕፃናትና ከ1ኛ ክፍል ይጀምሩና በየዓመቱ አንድ ክፍል ይጨምሩ፤ ልጆቹ ሲያድጉ ትምህርት ቤቱ አብሯቸው ይደግ። በአንድ መስከረም እስከ 8ኛ ክፍል የሚከፍት ሰው ተማሪውንም መምህሩንም ከሌላው ቀምቶ ነው። ይህ ትርፉ የዘገየ ንግድ ነው፤ በሁለት ዓመት ገንዘቡን ማዞር የሚፈልግ ሰው ሌላ ሥራ ይፈልግ።

የመጨረሻው ነጥብ ለወላጆች ኅብረት ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ካመጣቸው ነገሮች ትልቁ፣ ምርት በደረጃ ተመድቦ ዋጋው ለሁሉም እንዲታይ ማድረጉ ነበር። በትምህርት ቤት ገበያም ይኸው እንደሚሠራ ታይቷል። ታሒር አንድራቢ፣ ጂሽኑ ዳስና አሲም ክዋጃ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በፓኪስታን ፑንጃብ 112 መንደሮችን መረጡ፤ ልጆቹን ፈተኑ፤ በግማሾቹ መንደሮች የእያንዳንዱን ልጅና የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት ውጤት በወረቀት ለወላጆች ሰጡ። ሌላ ምንም አላደረጉም። በእነዚያ መንደሮች የልጆቹ ውጤት ከሌሎቹ በለጠ፤ የግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ ደግሞ 17 በመቶ ቀነሰ። ጥራት ወጣ፣ ዋጋ ወረደ። ለምን ቢባል ወላጁ ስላወቀ፣ ትምህርት ቤቱም ወላጁ እንዳወቀ ስላወቀ።

ይህን ለማድረግ የውጭ ባለሙያ አያስፈልግም። ግንደወይንን በመሰለች ከተማ ሦስት ወላጆች ተስማምተው በአንድ ረፋድ ያሉትን ትምህርት ቤቶች፣ የመንግሥቱንም ጨምረው ቢዞሩ፣ በየቤቱ አምስት አምስት ልጅ አስነብበው ያዩትን በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ቢናገሩ ይበቃል። የጤፍ ዋጋ ጧት ቢቸና ላይ ሲቆረጥ ከሰዓት በፊት ሞጣ ላይ ይሰማል፤ ማንም አይደብቀውም፣ ቢደብቀውም አያተርፍም። የትኛው መምህር ልጆችን እንደሚያስነብብ ግን በየቤቱ በሹክሹክታ ይቀራል። መጋቢት ሲመጣ ያ ሹክሹክታ ወደ አደባባይ ይውጣ፤ ጎበዙ መምህር ተማሪ ያገኛል፣ ደካማው ቤት ወይ ይሻሻላል ወይ ይዘጋል። ተጠቃሚውም የዘንድሮው የ1ኛ ክፍል ልጅ ነው።